ከጥያቄ በፊት የተሰጠ ምርቃት

ኦገስት 9፣ አርብ

ቂጣ ጠበስኩ። ሰባት፣ እንደ ሁልጊዜው። የዘይቱ ሽታ ለሙታን ይደርሳል ይባላል። ይድረስ አይድረስ እንጃ... ካልጠበስኩ ግን አርብ አርብ አይመስለኝም። ስማቸውን ጠራሁ። አባቴ። እናቴ። ባሌ ሳፓር።

የታናሽ ወንድሜን ስም ዛሬም ዘለልኩት።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ጎረቤቴ ዛውሬሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ቂጣሽ ለእኛ ለሕያዋንስ አይደርስም?" አለች። የምላሷ እሾህ ከሐይቁ ዓሣ ይብሳል። ሁለት ሰጠኋት።

"የኒውክሌር ማመንጫው ይምጣና እንገላገል" አለች እያኘከች። "ማክሰኞ ስብሰባ አለ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ብለዋል።"

አለኝ። አንድ ብቻ። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው፣ ቀሪውን ቤተ መጻሕፍቱ ከሚጥላቸው መጻሕፍት ለቃቀምኩ። የኒውክሌር ማብላያ ቦምብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰው ሁለቱን ሲያምታታ እናደዳለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ማብላያውን የሚያቀዘቅዘው የሐይቃችን ውሃ ነው። ሐይቁ ደግሞ በየዓመቱ ይሸሻል። ሲሸሽ ምን ሊቀዱ ነው?

መልሱ ጥሩ ከሆነ ማመንጫው ይሠራ አይሠራ በሚባልበት ሕዝበ ውሳኔ ቀን "ይሁን" እላለሁ። ለምን አልልም?

ኦገስት 13

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል። እኛን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ፊት ለፊት ደረደሩን። ሻይ፣ ከረሜላ፣ ፈገግታ። ከዋና ከተማ የመጣው ሰውዬ ሥዕል እያሳየ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሥራ፣ ስለ መንገድ ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። ጥያቄዬን በልቤ እያመላለስኩ ጠበቅኩ።

ከዚያ ታልጋት ተነሣ። የባሌ የወንድም ልጅ ነው፣ ወረዳው አስተዳደር ነው የሚሠራው። "ወደ ጥያቄው ከመግባታችን በፊት አባባ ሙካን እንግዶቻችንን ይመርቁልን።"

አባባ ሙካን መረቁ። መንገዳችሁ ይቅና፣ ሥራችሁ ይባረክ፣ ቤታችሁ ይሙላ... አዳራሹ ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ። እኔም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሽማግሌ ሲመርቅ መዳፌ ሳልጠይቀው ይዘረጋል። "አሚን" ብለን ፊታችንን ዳሰስን።

አለቀ። ከምርቃት በኋላ ማን ይከራከራል? ምርቃት ላይ መትፋት ነው። አንድ ጎረምሳ ዓሣ አጥማጅ ሊናገር ብድግ ሲል እናቱ በጃኬቱ ጎተተችው። "ተቀመጥ። ተመርቋል እኮ።"

ሥጋ ቀረበ። በላን።

ኦገስት 14

እኔስ ለምን ዝም አልኩ?

ኦገስት 20

የወረዳው ጋዜጣ ወጣ። የፊት ገጹ ላይ የአዳራሹ ፎቶ፣ ሁላችንም መዳፋችንን አንሥተን። ከሥሩ "የመንደሩ ነዋሪዎች እጃቸውን አንሥተው ድጋፋቸውን በአንድ ድምፅ ሲገልጹ" ይላል።

በአንድ ድምፅ። ማን ጠየቀንና?

እጄን አወቅኩት። ፊተኛው ረድፍ፣ በግራ በኩል፣ የጎበጠችው ጣት።

ዛውሬሽ ጋዜጣውን ይዛ መጣች። "እኔን ምሰሶ ጋረደኝ። አንቺ ግን እንደ ሙሽራ ፊት ተቀምጠሻል።"

"ድጋፍ አልሰጠሁም፤ እየተመረቅኩ ነበር።"

"ምን ለውጥ አለው? እኔ እንደሆን እደግፋለሁ። በክረምቱ ብርድ የማሞቂያው ቧንቧ ሲፈነዳ አንቺ መጽሐፍሽን አንድደሽ ትሞቂያለሽ፣ እኔስ?"

"ደግፊ። በራስሽ እጅ ደግፊ። የእኔን ለምን ይወስዳሉ?"

ጋዜጣውን አጥፋ አየችኝ። ጮክ ብዬ ስናገር ሰምታኝ አታውቅም።

ያቺ እጅ... እንግዲህ ልጻፈው። የተወለድኩት የኒውክሌር ቦምብ የሚሞከርበት ምድር አጠገብ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ወታደሮች ከቤት አስወጥተው ቦይ ውስጥ አስተኙን፣ የሱፍ ምንጣፍ ደረቡብን። እናቴ "ወንድምሽን ያዢ፣ ምንጣፉን እንዳትገልጪ" አለችኝ። ቶክታር ትንሽ ነበር። "ልየው፣ ልየው" እያለ አለቀሰ። ጫፉን በዚያቺው እጅ አነሣሁለት። ጥቂት ብቻ። ሰማዩን አይቶ ሳቀ።

ትምህርት ቤት ሳይገባ ደሙ ታሞ ሞተ።

በኋላ አነበብኩ። የሱፍ ምንጣፍ የቦምቡን ጨረር አይከለክልም፣ ቢገለጥም ባይገለጥም ያው ነው ይላል። እኔም እኮ ከሥሩ ነበርኩ፤ ይኸው ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። መጽሐፉን አምነዋለሁ። እጄ ግን ማንበብ አይችልም።

ሴፕቴምበር 6

ታልጋት መጣ። የበግ ወርች ይዞ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ሰማያዊ ካባም ይዞ። ሁለተኛ ስብሰባ አለ፣ ከትልቅ ቦታ ሰዎች ይመጣሉ።

"አባባ ሙካን ደክመዋል። በዚህኛው እርስዎ ይመርቁልን እማማ።"

"እኔ? ወንዶቹ የት ሄዱ?"

"እርስዎ ልዩ ነዎት። ከዚያ ከሙከራው ምድር የመጡ እናት ናቸው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። እርስዎ ከመረቁ ማን አፉን ይከፍታል?"

እንዲህ አለ። ፊቴ ላይ። ሻዬን እየጠጣ።

"ስለ ውሃው ጥያቄ አለኝ" አልኩት።

"ይመለሳል፣ ሁሉም ይመለሳል። ከምርቃቱ በኋላ።"

"ባለፈውም እንዲህ ብላችሁ ነበር።"

"እማማ፣ ለአገር ነው። አጎቴ ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር።"

"አጎትህ ዓሣ አጥማጅ ነበር። መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውሃው ነበር።"

ሳቀ። ካባውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ "ልክዎ ነው" አለ። ዝም አልኩ። ዝምታዬንም እንደ እጄ ይዞት ሄደ።

ቶክታርን ነው የሚፈልጉት። በልጁ መቃብር ላይ ቆሜ እንድባርክላቸው።

ሴፕቴምበር 7

ወርቹን ለዛውሬሽ ሰጠሁት። አልወርድልኝ አለ።

ሴፕቴምበር 19

አሮጌ ካፖርቴን ለብሼ ሄድኩ። ካባውን አጣጥፌ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ታልጋት አይቶ ፊቱን አዞረ።

ስሜን ጠሩ። "የመከራውን ዘመን ያዩ እናታችን ኑሪላ ይመርቁናል።" አዳራሹ መዳፉን ዘረጋ፣ እንግዶቹ ሳይቀሩ።

እጄን ካባው ላይ እንዳለ ተውኩት።

ጠበቁ። ሰው አሳለ። ታልጋት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ "እማማ፣ እጅዎን" አለ። አላነሣሁም። የተዘረጋ መዳፍ ሳይመረቅ አይወርድም፣ ገደ ቢስ ነው። ስለዚህ ማንም አላወረደም። የአባባ ሙካን ክንድ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አሳዘኑኝ... ግን አላነሣሁም።

ያው የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ፊቴ ቆሟል።

"አንሣ" አልኩት። ድምፄ ቀጠነ። "ደህና አድርገህ አንሣ። ይሄ ድጋፍ አይደለም። ምርቃት የሚጠብቅ እጅ ነው። ባለፈውም እንዲሁ ነበር።"

ከዚያ ጠየቅኩ። ሐይቁ ሲሸሽ ምን ትቀዳላችሁ? ሞቆ የሚመለሰው ውሃ ዓሣውን ምን ያደርገዋል? ይኸው ነው። ከወር በላይ ያመላለስኩትን ለማለት ከአንድ ጉንጭ ሻይ የበለጠ ጊዜ አልወሰደም።

ያው የዋና ከተማው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይህ ወደፊት በሚደረግ ጥናት የሚመለስ ነው።"

"እንግዲያው ምርቃቱም ወደፊት ይሁን።"

ከኋላ የዛውሬሽ ድምፅ መጣ። "አንቺ ሴትዮ፣ እጄ ዛለ። ላውርደው?"

"አውርጂው። ከፈለግሽ ደግሞ ለጥያቄ አንሺው።"

ሳቅ ሆነ። መዳፎቹ ወረዱ። አንድ እጅ ተመልሶ ተነሣ፣ የራሷ የዛውሬሽ። "እኔ ደጋፊ ነኝ። ግን ሥራው ለእኛ ልጆች ነው ወይስ ሠራተኛውን ከሌላ ቦታ ጭናችሁ ነው የምትመጡት?" ቀጥሎ ያ ጎረምሳ። እናቱ አልጎተተችውም። ቀጥሎ ሌላ። መሐል ላይ መብራት ጠፋ፤ ዛውሬሽ "ይኸው ለምን እንደምደግፍ" አለች። በመስኮቱ ብርሃን ቀጠሉ። ግማሹ ጥያቄ አልተመለሰም። ግን ተጠየቀ።

ካባውን ለታልጋት መለስኩለት። "አዋረዱኝ" አለ። አዎ። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር፣ አፌ እምቢ አለ።

በሩ ላይ አባባ ሙካን ክንዳቸውን እያሹ ቆመው ነበር። "ልጄ፣ የኔ ምርቃት ታዲያ ሐሰት ነበር?"

"የእርስዎስ እውነት ነበር አባባ። የሰረቁት እነሱ ናቸው።"

ኦክቶበር 6፣ እሑድ

ድምፅ ሰጠሁ። "አይሁን" አልኩ። የውሃው መልስ ቢመጣ ኖሮ ሌላ ልል እችል ነበር፣ አልመጣም። ዛውሬሽ "ይሁን" አለች፣ ለመንደሩ ሁሉ እያወራች። ተደጋግፈን ተመለስን። የእሷ ወገን ሳያሸንፍ አይቀርም፣ ሬዲዮው እንደዚያ ይላል። ንዴቴ አልበረደም። ይብረድም አልልም።

ሳይመሽ ዘይት አሞቅኩ። አርብ አይደለም። ቢሆንም ጠበስኩ።

ዛውሬሽ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?"

"ለወንድሜ።"

"ወንድም ነበረሽ?"

"ነበረኝ። ቶክታር ይባላል።"

አልቀለደችም። በአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆማ መዳፏን ዘረጋች። እኔም የእኔን አነሣሁ፣ ያቺንም የጎበጠች ጣት። ስሙን ጠራሁ። "አሚን" አለች ዛውሬሽ።