ያለ አንተ ያልተነሳው ማሽን

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህስ ተሻለው? የእማዬ ዓይን እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ሲያይ ነው የሚያመው።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ እነዚያ ሁለት ጉዶች ነው፤ ካንተ ጋር ሆነው የኮምፒውተር ድርጅቱን ስላቋቋሙት ስለ ረጅሙና ስለ ምላሱ። የመጀመሪያው ኮምፒውተራችን የተሠራበት ሠላሳኛ ዓመት ይከበራል ተብሎ መጽሔት ታተመ። “ሁለት ወጣቶች በባዶ እጃቸው” ይላል። ሁለት! አንተ በአንዲት መስመር እንኳ የለህም። እኔስ አለሁልህ፤ “ሻይ የምታፈላላቸው ልጅ” ተብያለሁ። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ሽቦ በቀለጠ ስታኞ ስበይድ ዓይኔን ያጠፋሁት ሻይ ሳፈላ ኖሯል!

ምላሱን ብጠይቀው፣ ጥሎን ሄደ እኮ ብሎኝ እርፍ። አባታችንን ልታስታምም መሄድህን፣ እሱ ራሱ ሻንጣህን ተሸክሞ መሸኘቱን፣ ስድስት ወር ሳይሞላ ስምህ ከድርጅቱ ወረቀት መፋቁን ረስቶታል። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እነሱ ግን ያንተን በቁምህ ቀበሩት። ረጅሙ እንደ ልማዱ ጫማውን ያያል።

በዓሉ ባለፈው ቅዳሜ ነበር። በጣውላ ሳጥን የሠራኸው ያ ማሽን መድረክ ላይ ወጥቷል። ምላሱ ግማሽ ሰዓት ራሱን ሲያወድስ ቆይቶ፣ አሁን በገዛ እጃችን እናስነሳዋለን አለና ቁልፉን ተጫነ። ጭጭ። ረጅሙም ተጫነ። ጭጭ። ላባቸው ጠብ ጠብ ሲል ብታይ! ወጣቶቹ መሐንዲሶች ንድፉ የት አለ ብለው ጠየቁ፤ የምን ንድፍ፣ ያንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው እንጂ። በመጨረሻ ምላሱ ወደ እኔ መጥቶ፣ አንቺ ያኔ አብረሽን ነበርሽ፣ እባክሽ እንዴት ነው የሚነሳው ብሎ አንሾካሾከ። እኔ ሻይ የማፈላው፣ ስለ ማሽን ምን አውቄ አልኩት። ውሸቴን ነው። ሁለተኛውን ቁልፍ ይዞ አሥር ቆጥሮ መልቀቅ ነው፤ አጠገቤ ስንቴ አድርገኸዋል። እንግዳው ኬኩን በልቶ ተበተነ።

ሰኞ ቢሯቸው አስጠሩኝ። በወሩ መጨረሻ ማሽኑ ሲነሳ ሊቀርጹ የቴሌቪዥን ሰዎች ይመጣሉ፣ የወንድምሽን ስልክ ስጪን አሉ። መጀመሪያ ስሙን መጽሔቱ ላይ ጻፉ አልኳቸው። ምላሱ ከሥራ አባርርሻለሁ ብሎ ዛተ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ አልዋሽህም፣ ፈርቻለሁ። ቢሆንም ቃሌን አላጠፍኩም።

ቁጥርህን ከሌላ ሰው ማግኘታቸው አይቀርም። በስልክ ብነግርህ ስቀህ ታልፈዋለህ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሆደ ቡቡ ነህ፤ ምላሱ ሁለት ዘለላ እንባ ካፈሰሰ ሁሉን ዘክዝከህ ትነግረዋለህ። በአባታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ ስምህ ሳይታተም ትንፍሽ እንዳትል!

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ባለቤትህን፣ መንታዎቹን፣ ጎረቤታችንን አናጢውንም ሰላም በልልኝ። ትልቋ ልጅህ ባለፈው ጽፋልኝ፣ ትምህርት ቤት ስለ ሁለቱ መሥራቾች ተማርን፣ አክስቴ ታውቂያቸዋለሽ ወይ ብላኛለች። አባቷ ማን እንደሆነ አልነገርካትም ማለት ነው! መልሱን ለእሷ ለብቻዋ የጻፍኩበት ደብዳቤ በዚሁ ፖስታ ውስጥ ታሽጓል። እንዳትከፍትባት።

እህትህ
ከልብስ ሰፊው በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ሚያዝያ ፱ ቀን