ውሃ ሲገባበት ይደፈርሳል

ጥቅምት 23 ቀን።

ጠርሙስህን ከፈትኩት።

ይመርዬ፣ ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ጥቁሩንም አውልቄያለሁ። ግሮሰሪህን ዘግቼ ክፍሉን ለስልክ ጠጋኝ አከራየሁት። አንተ ቢራ ትከፍትበት የነበረው ባንኮኒ ላይ አሁን የተፈታታ ስልክ ተደርድሮበታል። መደርደሪያህን ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ አስነቅዬ ሳሎን አስገባሁት። ብርጭቆዎችህም አሉ፤ ያቺ ሆዷ ሰፊ፣ አፏ ጠባብ የሆነችው ጭምር። ልጃችን ብርቄ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቋሚ ሠራተኛ ሆናለች። ከጓሮው ባሕር ዛፍ ግማሹን አስቆርጬዋለሁ፤ አሁን ነፋሱ በቀጥታ ቤት ይገባል። የመካነ ሰላም ብርድ እንደምታውቀው ነው።

ከዓረብ አገር የተመለስክበትን ቀን ሰሞኑን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ሌላው ሰው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ይዞ ሲገባ አንተ በፎጣ የተጠቀለሉ የዊስኪ ጠርሙሶች ይዘህ ገባህ። እናትህ ሻንጣው ሲከፈት አይተው፣ “ልጄ ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቶ የሰካራም ዕቃ ይዞልኝ መጣ” አሉ። አንተ ግን ሰካራም አልነበርክም። እዚያ ሆቴል ውስጥ ብርጭቆ ከማጠብ ጀምረህ ባንኮኒ ጀርባ እስክትቆም ድረስ ነገሩን እንደ ትምህርት ነበር የያዝከው። ሰው የሚጠጣውን አንተ ታሸተው ነበር።

“ነጠላ ብቅል ይባላል” አልከኝ። “ጋቢ ብቅልስ የለውም?” ብዬ ሳቅሁብህ። ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ቤት የወጣ ማለት ነው ብለህ አስረዳኸኝ። ጠርሙሶችህ ላይ ሰው የሚያውቀው ሥዕል አልነበረም። ነጭ ወረቀት፣ የወጣበት ዓመት፣ በእጅ የተጻፈ የበርሜል ቁጥር፣ በቃ። መጠጡን ያወጣው ቤትና ጠርሙሱን የሞላው ሰው የተለያዩ ናቸው አልከኝ። ሰውዬው እየቀመሰ አንድ በርሜል ይመርጣል፣ ይገዛል፣ ምንም ሳይጨምርበት በራሱ ስም ይቀዳዋል። በርሜሉ ሲያልቅ አለቀ፤ ያው ጣዕም ሁለተኛ አይገኝም። እኔም በከላላ ገበያ፣ ከሰው ቤት ጥሩ የወጣለትን አንድ ጋን ጠላ መርጣ ገዝታ በራሷ ደጅ የምትሸጠዋን ሴት አስታወስኩና ገባኝ።

ዝናብ የጣለ አንድ ከሰዓት ላይ ደግሞ አንዱን ቀድተህ በማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አደረግህበት። ትንፋሽ እንደነካው መስታወት ጭጋግ ለበሰ። ተበላሸብህ ብዬ ደነገጥኩ። “አብሽሪ” አልከኝ። ሌሎቹ ለማሳመር ብለው ቅባቱን ይገፍፉታል፣ ያልተገፈፈውን ግን ቀዝቃዛ ውሃ ያደፈርሰዋል፤ መደፍረሱ ያልተነካ መሆኑን ነው የሚናገረው አልከኝ። እኔ ሽታው ጢስ የገባበት ብቅል መስሎኝ አልወደድኩትም። አንተ ስታሸተው የነበረህን ፊት ግን እወደው ነበር።

ከተማው ግን ሌላ ነገር አወራ። ይመር ባዶ ጠርሙስ እየለቀመ፣ አረቄ በሻይ እያቀለመ ይሞላል፣ ወረቀቱንም ራሱ ይጽፋል ተባለ። ግሮሰሪ ገብተው፣ “እስቲ ከፋብሪካህ ቅዳልን” ይሉህ ነበር። አንተም፣ “ፋብሪካው ዛሬ መብራት የለውም” ትልና ቢራ ትከፍትላቸዋለህ። አንድም ቀን ተናደህ አላየሁህም። የምናደደው እኔ ነበርኩ።

የመጨረሻውን ጠርሙስ “የብርቄ” ብለህ አስቀመጥከው። ሽማግሌ የመጣ ቀን ይከፈታል፤ ለሠርግ አይሆንም፣ በሠርግ ቀን የሚጠጣ እንጂ የሚቀምስ ሰው አይገኝም አልክ። ሕመሙ ከጸናብህ በኋላም ቡሹን አልነካህም። አንድ ጊዜ ብቻ ከመደርደሪያው አስወርደህ፣ እንደታሸገ፣ ደረትህ ላይ አድርገኸው ተኛህ።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከአጅባር፣ ሦስት ሆነው። ልጁን ታውቀዋለህ፤ አንተ ጋ ኳስ ለማየት ይመጣ የነበረው፣ ጎል ሲገባ የማይጮኸው መምህር ነው። በአንተ ቦታ ወንድምህ ተቀመጠ። እንግዶቹ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ ተቀመጡ ተባሉ፤ መልሱን ለሚመጣው እሁድ እንሰጣለን ተባሉ። ከዚያ ጠርሙስህን አወረድኩ። ኮርቼ ነበር። ይመር ለዚህ ቀን ያስቀመጠው ነው ልል፣ ቃሉን በልቤ ይዤ ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ አሊጋዝ ከብት ነጋዴ ናቸው። ሁሉን ነገር ጥርሱን ገልጠው ካላዩ አያምኑም። ጠርሙሱን ተቀብለው የእጅ ጽሕፈቱን በአውራ ጣታቸው ፈተግ ፈተግ አደረጉት።

“የብርቄ እናት፣ ይህችን ደግሞ ማን ጻፋት?” አሉ።

አጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ወሬህ አጅባር ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ቀዳሁላቸው። ጋሽ አሊጋዝ አንዴ ተጎነጩና ጉሮሯቸውን አቃጠላቸው፤ ውሃ አሉ። ጆጉን ሰጠኋቸው፤ ውጭ ያደረ፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ውሃ ነበር። ራሳቸው ጨመሩበት። ደፈረሰ።

ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሱት። “ዊስኪ እንደ ኡዞ ሲነጣ ገና ዛሬ አየሁ” አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ለእንዲህ ያለ ጉዳይ መጥቶ የደፈረሰ አይጠጣም” አሉ። ወንድምህ መሬት መሬቱን አየ። የቀሩት ወደ እኔ ዞሩ።

መልሱን አውቀው ነበር። አንተው ያስተማርከኝ፣ ከአንድ ዐረፍተ ነገር የማይበልጥ ነገር ነው። አላልኩትም።

“እኔ እንጃ፣ ስለ መጠጥ ምን አውቃለሁ” አልኩ። “ሰው ያስቀመጠው ነው፤ የማን እንደሆነም አላውቅ።”

በገዛ ቤትህ፣ መደርደሪያህ ሥር ቆሜ፣ ሰው አልኩህ።

ጋሽ አሊጋዝ ፊታቸው ፈታ አለ። “አዬ፣ እኛማ የባለቤትሽ እጅ መስሎን” ብለው ብርጭቆውን ገፋ አደረጉት። ቢራ አቀረብኩ። ጨዋታው ደራ፣ ተመረቅን፣ ሸኘኋቸው።

ብርቄ ዳቦውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። እንግዶቹ ሲሄዱ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። የደፈረሰውን አልደፋችውም። እያቃጠላት፣ እያሳላት፣ ቆማ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ ስለ ጨውና ስለ ቁልፍ ብቻ ነው።

የልጄ ነገር እንዳይበላሽ ፈርቼ ነው ብልህ ውሸት አይሆንም፤ ግን ያ ብቻ አይደለም። ከተማው ሲስቅብህ በነሱ የምናደድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ባንተ ነበር የማፍረው። ምነው እንደ ሰው ብርድ ልብስ ይዞ በመጣ እል ነበር። እሁድ ከአፌ የወጣው ያን ጊዜ የዋጥኩት ነው።

ትናንት ብርቄን፣ “ለእሁድ ምን ላቅርብ?” ብዬ ጠየቅኳት። “የአባዬን” አለችና ካፖርቷን አንስታ ወደ ሥራ ሄደች። ነገ ጋሽ አሊጋዝ ያንን ዳግመኛ አይተው ተነሥተው ቢሄዱ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። አውቃው ነው ያለችው።

እኔ ግን ይህንንም ሰምቼ ዛሬ ጠዋት ወደ አስናቀ ሱቅ ወረድኩ። ይህን ከነገርኩህ ሁሉ አብልጬ አፍርበታለሁ። ያን ሁሉም ሰው የሚያውቀውን፣ ሥዕል ያለበትን ጠርሙስ ልገዛ ነው የሄድኩት። ያንተን ከአልጋ ሥር ልደብቀው አስቤ ነበር።

በመንገድ ላይ ይህን ደብዳቤ በልቤ እየጻፍኩ ነበር። ሰው ለሞተበት ሲጽፍ አልረሳህም ብሎ ይጨርሳል። እኔ ያን ብልህ ምን ይረባሃል? እሁድም አልረሳሁህም። እያስታወስኩህ ነው የካድኩህ። ስለዚህ የምገባልህ ቃል ሌላ ነው፤ ከእንግዲህ የሚያስታውስህ ልቤ ብቻ አይሆንም፣ አፌም ነው። ይህን ወስኜ ግን እግሬ ወደ ሱቁ መሄዱን አላቆመም።

አስናቀ ጠርሙሱን ከላይኛው መደርደሪያ አውርዶ አቧራውን በክንዱ ጠረገ።

“አብሽሪ እታለም” አለኝ፣ “ይሄ ውሃ ቢገባበትም አይደፈርስ።”

በክፋት አልነበረም። የአጅባሮቹ ሽማግሌዎች ያን እሁድ ከእኛ ወጥተው አውቶቡሱ እስኪሞላ እሱ ደጅ ተቀምጠው ሲያወሩ ነበር።

“የደፈረሰው የማን ነው?” አልኩት።

“ኧረ እኔ እንጃ። የሰው ነው አሉ” አለ።

የራሴ ቃል ነው። ቀድሞኝ ወርዶ ሱቅ ውስጥ ጠበቀኝ።

“የሰው አይደለም” አልኩት። “የይመር ነው። የእውነት ስለሆነ ነው የሚደፈርሰው። ነገም ይደፈርሳል፤ ውሃውን ሳልጨምር አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።”

አስናቀ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በአንድ እጁ ደግፎ፣ በሌላው ከባንኮኒው ሥር ክር እየፈለገ ነበር። ክሩን ሳያገኝ ወጣሁ።