የተመለስንበት ምክንያት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ ሦስት የላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አንድ የታች። አንዱ ደንበኛ "ሳቄ የድሮውን ይምሰል" ይለኛል። የድሮ ሳቁን ከየት ላምጣለት? እኔ ጥርስ ነው የምሠራው።

ከሰዓት እህቴ ደወለች። እሁድ ተራራ ልትወጣ ነው አሉ። በእግሯ፣ ከመሪ ጋር፣ ከማታውቃቸው ስድስት ሰዎች ጋር። ሕክምናዋን ከጨረሰች እኮ ገና ዓመቷ ነው! ፀጉሯ እንኳ ጆሮዋ ጋ አልደረሰም።

"ብቻሽንማ አትሄጂም።"

"ማን ጠየቀሽ?"

"እኔ ነኛ! አብሬሽ እወጣለሁ። ብትወድቂስ?"

"እሺ ነይ። ግን እዚያ በሽተኛ አይደለሁም። ደከመሽ ወይ፣ አረፍ በይ፣ መድኃኒት ዋጥሽ ወይ... አንዷን ከሰማሁ እገፈትርሻለሁ። ለማንም አትናገሪም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው አንገቱን አዘንብሎ ነው የሚያናግረኝ። አንድ ቀን እንደ ሰው ልዋል።"

እሺ አልኩ። ታላቄ ናት፣ ምን ይደረጋል። ሃያ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው ጥርስ ስሞርድ የኖርኩ ሴት፣ ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት ሁለተኛው ላይ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ የምቆም... ጠባቂዋ እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ጫማ ገዛሁ። ሻጩ "መጀመሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ይልመዱት" አለኝ። ሳምንት ከየት አባቱ ይመጣል? መንገዱ ከነገ ወዲያ ነው። እሱ ራሱ እግሬን ይልመደው።

የጉዞው አዘጋጆች የመመዝገቢያ ቅጽ ላኩልኝ። "የተራራ ልምድ" ይላል። "መካከለኛ" ብዬ ሞላሁ። ምን ላድርግ፣ ተራራ አይቼ አውቃለሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው የምጽፈው። ሳልረሳው... የሚረሳ ቢሆን ደግ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ "ሱቁ" ብዬዋለሁ። ሁለት ምርኩዝ፣ ሦስት ኮዳ፣ ደረቱ ላይ የሚንጠለጠል የማይታወቅ ዕቃ። ሱቅ አዝሎ ነው የመጣው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ "ከፊት ያለችው እህቴ ናት። ክፉኛ ታማ የተነሳች ናት፣ አደራ ዓይንህን ከሷ ላይ አትንቀል" አልኩት። ለደግነት ብዬ! ተራራው ግርጌ እንኳ ሳንደርስ ቃሌን አጠፍኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

አንድ ሰዓት ላይ ጀመርን። መሪው ሽበታም፣ ቀጭን። ከአፉ "ቀስ በሉ" ብቻ ነው የሚወጣው። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን አስቆመን።

"እግሩን የሚያቃጥለው፣ የሚቆረቁረው አሁን ይናገር። አሁን በፕላስተር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ኋላ ግን የሁላችንንም ቀን ይበላል።"

ተረከዜ እሳት ሆኗል። እህቴ ኮዳዋን አንስታ ትጠጣለች፣ ፊቷ ወዝ በወዝ። ሱቁ ያየኛል። ታዲያ ጠባቂዋ እጄን ላወጣ? ምን ሲደረግ!

"ሰላም ነን" አልኩ። በብዙ ቁጥር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አቀበት አላስታውሰውም። የእህቴን ጫማ ብቻ ነው ያየሁት፣ እሱም እየራቀ። እኔ ልጠብቃት የመጣሁት ከኋላ፣ እሷ እየቆመች ትጠብቀኛለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይቺ ናት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጫፉ ታየ። መሪው "ሠላሳ ደቂቃ" ሲል ሰማሁት። ሌሎቹ ከፊት ያለውን ቋጥኝ ዞረው ከዓይኔ ጠፉ። እኔ ቁጭ አልኩ። በቃ፣ እግሬ እምቢ አለ። እህቴ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ጫማዬን አወለቀችልኝ። ካልሲው ተረከዜ ላይ ተጣብቋል፣ ቀይ ሆኖ።

መሪው ወርዶ አየኝ። ፋሻ ብቻ አወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እኔ እዚሁ ልጠብቃችሁ፣ እናንተ ውጡ።"

"ሰው ትቼ አልወጣም። መሪ እኔ አንድ ነኝ።"

በፋሻ አሰረልኝና ወደ ላይ ሄደ። ድምፁ ከቋጥኙ ኋላ ይሰማኛል። "ከዚህ እንመለሳለን... በማን ምክንያት ብሎ ጥያቄ የለም። አብረን ወጣን፣ አብረን እንወርዳለን።"

እህቴ ጫፉን አየችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ክንዴን በክንዷ ያዘችና አስነሳችኝ። ተቃቅፈን ወረድን። ከሩቅ ለሚያይ ማን ማንን እንደደገፈ አይለይም።

ደግሞም አልተለየም! አውቶቡስ ውስጥ ሱቁ ወደ እሷ ዞረና አንገቱን አዘነበለ። "አይዞሽ እህቴ፣ ተራራው የትም አይሄድም። ጤና ይበልጣል። ማንም አልተቀየመሽም።" ሌሎቹም ተቀበሉት፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ። አንዷ ብርቱካን ልጣ ሰጠቻት። ልጣ!

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ጠበቀች።

እኔ በመስኮት ዛፍ አያለሁ።

"አመሰግናለሁ" አለቻቸው፣ ብርቱካኑን ተቀብላ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ደወልኩ። አላነሳችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዛሬም አላነሳችም። ስሞርድ ስሞርድ የሰውዬውን የፊት ጥርስ ከልክ በላይ በላሁት። እንደገና ልሠራው ነው።

ምክንያት ስደረድር ዋልኩ። ደክሞኝ ነበር... ድንገት ሆነብኝ... ምላሴ ተሳሰረ። የኔ ምላስ? አፉን ከፍቶ ለተቀመጠ፣ መልስ ለማይችል ደንበኛ ቀኑን ሙሉ የማወራ እኔ?

ሱቁ የጉዞው ግሩፕ ላይ ፎቶ ለጥፏል። አብዛኛው የራሱ ነው። ሥሩ ላይ፦ "ከሕመም በተነሣች አንዲት ጀግና እህታችን ምክንያት ጫፉ ላይ ባንደርስም፣ ፍቅር ከጫፍ በላይ ነው።" አምስት ልብ ተሰጥቶታል። እህቴም አይታዋለች፣ ያየ ሰው ስሙ ይወጣል። ምንም አልጻፈችም። ጀግና እህታችን! ጥርሱ ረግፎ ለኔ ባመጣው!

እሱንስ ምን እለዋለሁ... የነገርኩት እኔ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፈተች፣ ግን ገባ በይ አላለችም።

"ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።"

"ለኔ? እኔማ አውቀዋለሁ። ካልሲሽን ያወለቅኩት እኔ ነኝ። ለማያውቁት ንገሪያቸው።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አንድ ቀን ነው የለመንኩሽ። አንዷን ቀን።"

ዘጋችው። በሩን ሳትወረውረው፣ ቀስ አድርጋ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስም በሩ እንደተዘጋ ነው፣ እንባዬን ማንም አላየልኝም። ስልኬን አውጥቼ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ።

"የተመለስነው በእህቴ ምክንያት አይደለም፣ በኔ ነው። መሪያችን ሲጠይቅ ተረከዜ እየተላጠ ነበር። ለኩራቴ ብዬ ዋሸሁ። ጫፉ ሠላሳ ደቂቃ ሲቀረው እኔ ነኝ የተቀመጥኩት። እሷ ደግፋ አወረደችኝ። እናንተ እሷን ስታጽናኑ አጠገቧ ሆኜ ዝም አልኩ። 'መካከለኛ' ብዬ የሞላሁትም ውሸት ነው።" የተረከዜን ፎቶ ጨመርኩበት።

አንድም ልብ አልመጣም። ሱቁ "ይገርማል" ብሎ ጻፈ። መሪው ደግሞ "ቁስሉን ውሃ እንዳያስነኩት።"

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። ስልኳን ይዛለች።

"ፎቶው ያስጠላል።"

"ላጥፋው?"

"ይቆይ።" ትንሽ ቆማ፣ "በ24 እንደገና ይወጣሉ። እሄዳለሁ። አንቺ ትቀሪያለሽ።"

እሺ አልኩ። ቤቷ ሳልገባ ተመለስኩ።

እሁድ፣ ጥቅምት 24

ከጧት ጀምሮ እጄ ሥራ አልያዘልኝም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳየው...

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ደወለች። ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ድምፅዋ፣ እየጮኸች።

"ደርሻለሁ!"

ደከመሽ? ለብሰሻል? ተቀመጪ! ሁሉም አፌ ላይ መጡ። መልሼ ዋጥኳቸው። ታዲያ ከሥር ምን ተገኘ? ደስታ መስሎኝ ነበር።

"ቀናሁብሽ" አልኳት። "እውነቴን ነው፣ አንጀቴ እርር እስኪል ነው የቀናሁት። አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ ከሰው ጥርስ ጋር። አናደድሽኝ!"

ነፋስ። የተቋረጠ መሰለኝ።

"ድገሚው" አለች።

"ቀናሁብሽ አልኩሽ እኮ!"

ሳቀች። ብዙ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፣ እያለቀሰች ይመስለኛል።

"ሦስት ዓመት ሙሉ" አለች፣ "አንድ ሰው እንኳ ቀንቶብኝ አያውቅም።"