ሮዝ ጥርስ ያላት ባቡር

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ሦስት ተነቃይ ጥርስ ጨረስኩ። ወይዘሮ በለጡ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። የላይኛው ይነካኛል አሉ፤ ትንሽ ሞረድኩላቸው።

"አሁንስ?"

"አሁን ደግሞ ሳወራ ያፏጫል።"

እውነትም ያፏጫል... ሳቄን ዋጥኩ።

በምሳ ሰዓት ሸዋ በር ገበያ ወረድኩ። ሰልባጅ ሻጩ ነስሮ የተሰባበሩ መጫወቻዎች ዘርግፏል። ከሥር አንዲት የባቡር ራስ! አረንጓዴ፣ ከመዳፌ ትንሽ የምትረዝም። አነሳኋት፤ ከበደችኝ። ከከበደች ሞተሯ አለ ማለት ነው። እንዳይታወቅብኝ አሻንጉሊት ሳገላብጥ ቆየሁ።

"አቦ ዕፀገነት! ባቡሯን ፈልገሽ ነው፣ አውቄያለሁ" አለኝ።

ስድስተኛዬ ናት። አምስቱ ሥራ ቦታዬ፣ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከጄሶ መንጋጋዎቹ ጀርባ ተደብቀዋል። አንዷም አትሄድም። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት አሻንጉሊት ትጠግናለች ተብሎ ለማን ይነገራል? እህቴ ጽጌሬዳ ብትሰማ ጠበል ነው የምትወስደኝ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ከፈትኳት። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ሁለቱ ካርቦኖች አልቀዋል። መለዋወጫ ከየት? የሞተ የባትሪ ድንጋይ ሰብሬ፣ መሐሉ ያለውን ጥቁር ዘንግ በብርጭቆ ወረቀት ሞርጄ ሁለት አወጣሁ። የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ።

ዞረ! ሞተሩ ዞረ!

ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልቆየም። ጎማዎቹን የምታዞረው ትንሿ ጥርሰኛ መዘውር ተሰንጥቃለች። ባቡሯ ሦስት ጣት ያህል ትሄድና... ቀጭ። በእሷ ልክ አዲስ እንዳልቀርጽ ስንጥቁ አስፍቷታል፤ ጥፋቱን ነው የምገለብጠው።

ጥርስ መሥራት እንጀራዬ ነው። የዚችን ጥርስ ግን በምን አባቴ ልሥራ?

ጥቅምት 8፣ አርብ

ነስሮ ነው የነገረኝ። "ልክ እንዳንቺዋ ያለች ጋሽ ዓብዱላሂ ጋ አለች። የሳቸው ትሄዳለች፣ ወላሂ። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ያዞሯታል።"

ጋሽ ዓብዱላሂ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር ላይ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናቸው። ከጁምዓ በኋላ ሄድኩ። የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘርግተዋል፤ ሐዲዱን የገጣጠሙት ከምን ከምኑ እንደሆነ እንጃ። ባቡሯ ትዞራለች! ሰፊዎቹ ሻይ ይዘው ከበዋታል። መቀስና ክር እያነሱ መንገድ ይከፍቱላታል።

በር ላይ ቆሜ አየሁ። አፌን ከፍቼ ሳይሆን አይቀርም። ምንም ሳልጠይቅ ተመለስኩ። ፈሪ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ጠየቅኩ! መጀመሪያ የስፌት መኪና ላስጠግን የመጣሁ መሰላቸው።

"ጥርስ ሠሪ ነኝ። ጥርሰኛዋን ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ... በጄሶ ልኳን ልወስድባት ነበር።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የሀብተወልድ። የአቦከር ሰፈሩ።"

"እና ሥራሽ ጥርስ ነው፤ የሰው ጥርስ።"

"አዎ።"

ባቡሯን አንስተው ሊፈቱልኝ ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ካቻቢቴው ብሎኑን ሦስት ጊዜ ሳተው። ለእኔ አቀበሉኝ።

"አንቺ ፍቺው። እኔ ይህችን የጠገንኳት እጄ እጅ በነበረ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። አደራ፣ ልጄ። እንግዲህ ሌላ አልጠግንም።"

ጥርሰኛዋን በመሐረብ ጠቅልዬ አመጣኋት።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ምን ልጻፍ?

ጄሶው ደርቆ ጥርሰኛዋን ሳወጣት ወይዘሮ በለጡ በሩን አንኳኩ። ቸኮልኩ። በቢላ ጫፍ ብድግ አደረግኳት... ቀጭ አለች። ሦስት ጥርስ ረግፎ ከመሐል ተሰነጠቀች። ያረጀ ፕላስቲክ፤ እንደ ብስኩት።

"ደህና ነሽ፣ ልጄ?" አሉኝ ወይዘሮ በለጡ። ልጄ ሲሉኝ ባሰብኝ።

ጥቅምት 15፣ አርብ

ጋሽ ዓብዱላሂ ደወሉ። "ደረሰች ወይ? ሰፊዎቹ እየጠየቁኝ ነው።"

"ገና ናት" አልኩ።

ዋሸሁ። የመጀመሪያው አርብ ያለ ባቡር... በኔ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ጽጌሬዳ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ማንኪያ ፍለጋ ቁምሳጥኑን ከፈተችው። ስድስት ባቡር!

"ይሄ ምንድን ነው?"

ሁሉንም ነገርኳት፣ ከስብራቱ ጭምር። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም።

"ባቡሩ የራስሽ ጉዳይ ነው። ሽማግሌውን መዋሸት ግን ነውር ነው። ሂጂና ንገሪያቸው።"

ከዚያ ባቡሮቹን ደግማ አየችና ሳቀች። በደንብ አድርጋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ሄድኩ። ስብርባሪውን መሐረቡ ላይ ዘርግቼ አሳየኋቸው።

"መቼ ነው?"

"ረቡዕ።"

"አርብ ስደውል ተሰብራ ነበር?"

"አዎ።"

"ሱብሐነላህ..." መነጽራቸውን አወለቁ። "መሰበሩስ ይሁን፤ የፕላስቲክ ነገር ነው። ገና ናት ያልሽኝ ነው የከፋኝ። ሂጂ፣ ሥራ አለኝ።"

ሥራ አልነበራቸውም። ወጣሁ። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ውስጥ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ስዞር ቆየሁ። ካልጠፋ ሰው እሳቸውን...

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ቆይ፣ ቆይ። ጄሶው አልተነካም! ጥርሰኛዋ ናት እንጂ የተሰበረችው፣ ጄሶው ውስጥ የቀረው ቅርጽ እንዳለ ነው። አሥራ አምስቱም ጥርስ።

ችግሩ ጄሶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ውስጡ የረጋውን ለማውጣት ይሰበራል። ደግሞ የጥርስ ቀለም ያለው የአክሪሊክ ዱቄት ከገበያ ከጠፋ ሁለት ወሩ። ያለኝ የድዱ ነው፤ ሮዝ።

መጀመሪያ በራሴ ስንጥቅ ጥርሰኛ ልለማመድ።

ጥቅምት 22፣ አርብ

አንደኛዋ አረፋ ቋጠረች። ሁለተኛዋ ጣቴ ላይ ተሰበረች። ሦስተኛዋም አረፋ። አራተኛዋን ጽጌሬዳ "ማስቲካ ትመስላለች" አለቻት።

ለጋሽ ዓብዱላሂ አልደወልኩም። እሳቸውም አልደወሉም።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ገባኝ! ለሰው ድድ እንደማደርገው በፈላ ውኃ እቸኩላለሁ። ትንሽ ነገር ቀስ ብሎ መብሰል አለበት። ለብ ካለ ውኃ ጀምሬ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። አምስተኛዋ ጠንካራ ወጣች። መሬት ላይ ጣልኳት፤ ነጠረች!

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ዛሬ ዋናዋ። በሩን ቆለፍኩ። ወይዘሮ በለጡ ሲያንኳኩ፣ "ከሰዓት ይምጡ፣ እማማ!" ብዬ ከውስጥ ጮህኩ። በሕይወቴ ደንበኛ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው።

ጄሶውን በቢላ ሳይሆን ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ በትንሽ... ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ቆጠርኳት። አሥራ አምስት። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ አምስት።

ሮዝ ናት። በጣም ሮዝ።

ጥቅምት 29፣ አርብ

ከጁምዓ በኋላ ሳልጠራ ሄድኩ። ጋሽ ዓብዱላሂ ቀና ብለው አዩኝ፤ ቁጪም ሂጂም አላሉኝም። ጥርሰኛዋን መዳፌ ላይ አሳየኋቸው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የድድ አክሪሊክ ነው፣ ጋሼ። ሌላ ቀለም የለኝም።"

መነጽራቸውን አድርገው አገላበጧት። ጥርሶቹን በጥፍራቸው አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። ረጅም ጊዜ። ከዚያ ባቡሯን ከመሳቢያ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

"ግጠሚያት። እኔ መብራቱን እይዝልሻለሁ።"

የእጅ ባትሪው ብርሃን ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርሃኑ ሲመጣ እያጠበቅኩ፣ ሲሄድ እየጠበቅኩ ገጠምኩ።

ሐዲዱ ላይ አደረግናት። እሳቸው ኤሌክትሪኩን ለቀቁባት። እርር... አለች። ከዚያ ሄደች!

ጎረቤት ያሉት ሰፊዎች ፔዳላቸውን ማቆም ጀመሩ። አንዱ፣ ሌላው፣ ማዶ ያለው። ቀኑን ሙሉ የማይቋረጠው የስፌት መኪና ድምፅ ዝም አለ፤ የምትሰማው እሷ ብቻ ሆነች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ኩርባው ላይ እንኳ አልነቀነቀችም።

"ማሻአላህ" አሉ ጋሽ ዓብዱላሂ ቀስ ብለው። ቀጥለው ጮክ ብለው፣ "እዩዋት! ይህች የሀብተወልድ ልጅ ለባቡሬ ጥርስ ተከለችላት!"

ጭብጨባ። አንዷ ሰፊ እልል አለች። ጉንጬ እስካሁን ይሞቃል።

ስወጣ እስከ በር ሸኙኝ። "ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ።"

"አልዋሽም።"

"በይ ያንቺንም አምጪያት። ምን ትጠብቂያለሽ?"

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ሦስት ሳምንት አልጻፍኩም። ጊዜ ከየት!

ሰፊዎቹ ወሬውን ነዝተውታል። ጽጌሬዳ ጥርሰኛው የተሰበረ የጁስ መፍጫዋን ይዛ መጣች፤ "ለባቡር የሠራሽውን ለእኔ እምቢ ትያለሽ?" አለች። ነስሮ የተሰበረ የሕፃን መኪና አመጣ። ስድስቱ ባቡሮች መስኮቱ ላይ ተሰልፈዋል፤ ሦስቱ ይሄዳሉ። መንገደኛ ቆም ብሎ ያያቸዋል። ይይ።

ጋሽ ዓብዱላሂ ማክሰኞና ሐሙስ እኔ ጋ ይውላሉ። በሩ አጠገብ ወንበር አላቸው። የሠራኋትን ጥርሰኛ በአጉሊ መነጽር ይመረምራሉ። "ሰባተኛዋ ጥርስ ሰንፋለች፣ ድገሚያት" ይላሉ። እደግማለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው፤ ሁልጊዜ ግን አይደሉም፤ ዛሬ ተከራክሬ ረታኋቸው።

ረፋድ ላይ አቶ ዮሐንስ ጥርሳቸውን ሊወስዱ መጡ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የጽሕፈት ዕቃ ሱቅ የላከው ፎቶ ኮፒ ማሽን ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጧል። እኔ ቀና ሳልል ጋሽ ዓብዱላሂ ተቀበሏቸው።

"ይቀመጡ፣ አቶ ዮሐንስ። ከፊትዎ አንድ ታማሚ አለ።"

አቶ ዮሐንስ ማሽኑን አዩት። ከዚያ ተቀመጡና ወረፋቸውን ጠበቁ።