የኦርኪዷ ጥም

ልጄ ረሆቦት፣ የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን፤ ነገሌ ዝናቡ ዘግይቶብናል።

ትተሽልኝ የሄድሽው የኦርኪድ አበባ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ፀሐይ እንዳያቃጥላት ከመጋረጃው ጀርባ አስቀምጫታለሁ። በሳምንት አንዴ አጠጥቼ፣ ውሃውን በደንብ አንጠፍጥፌ እመልሳታለሁ። ከተተከለችበት ዕቃ የወጡትን ሥሮቿንም እንዳልሽኝ አፈር አላለበስኳቸውም። ታዲያ ቅጠሏ ለምን ቢጫ ሆነ ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ ወተት የሚያመጡልን ኦቦ ገልገሎ "አካም ናጋ" ብለው ሰላምታ እየሰጡ በገቡ ቁጥር ከሚጠጡት ውሃ ያካፍሏታል!

"እንግዳ እያየችኝ ብቻዬን እጠጣለሁ እንዴ?" አሉኝ።

በዚህ ድርቅ ውሃውን የሚያካፍል ሰው እንዴት ልቆጣ? ውሃ በዝቶበት የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቆረጥኩና በደረቅ የዛፍ ቅርፊት መልሼ ተከልኳት። አሁን እሳቸው ሲመጡ ጓዳ አስገባታለሁ።

ትናንት የመጨረሻ አበባዋ ረገፈ። አበባዋ ቢረግፍም ቆይታ መልሳ ታብባለች ብለሽኝ ነበር፤ እሱን እያሰብኩ እጽናናለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ድምፅሽ ሲጠፋብኝም ለራሴ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ስትወጪ ስትገቢ ጌታ ይጠብቅሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ኦርኪዷስ አፍ አውጥታ ምን እንደሆነች አትነግረኝም፤ አንቺ ግን፣ እባክሽ ልጄ፣ ደውዪልኝ።

እናትሽ ሸዋርካብሽ