በተሳሳተ ሽፋን ውስጥ የቀረችው ሸክላ

አባዬ፣

ከተለያየን ዘጠኝ ወር አለፈ። ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም፤ ውሸቴን ገና አፌን ሳልከፍት ነበር የምታውቀው። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ነው የምጽፈው። ያን ቀን ቤታችን ተሰብስበው የነበሩት ሰዎች እስከ ዛሬ የማያውቁት ነገር አለ። ካንተ በፊት እንዲሰሙት ግን አልፈለግኩም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ሰፈራችን አልትሽቴተን እንዳለች ናት፤ አውቶቡሱም እንደ ድሮው ስሮጥ እያየኝ ይሄዳል። የፖስታ ሳጥኑ ላይ ያለው አሁንም ያንተ ስም ነው። ምድር ቤት በተለጠፈው የልብስ ማጠቢያ ተራ ላይም ሐሙስ ያንተ ነው። ሕንፃውን የሚጠብቀው ሰውዬ ስሙን ልቀይረው ወይ ሲለኝ ጀርመንኛ የማይገባኝ ሆንኩበት። እኔ፣ በጀርመንኛ ስሳደብ የምታፍርብኝ ልጅ። ከታች ያለችው አሮጊት፣ ከሸክላዎችህ ጥሩምባ በሰማች ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን የምትደበድበው፣ ባለፈው ደረጃ ላይ አቁማኝ ሙዚቃው የት ሄደ አለችኝ። ሰውየው ሄደ አልኳት። በመጥረጊያው እኔን ብትደበድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ኦፕፊኮን ያለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ነው የምውለው። ትምህርቱን ተውኩት። አትቆጣ፤ ብትቆጣ ግን እንዴት ደስ ባለኝ።

አርባ አንዱ ሸክላዎችህ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ጥሩምባህን እንኳ ሳትይዝ ከአዲስ አበባ ወጥተህ፣ እዚህ የቢሮ ወለል እየወለወልክ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ አንድ በአንድ የለቀምካቸው። እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ስመጣልህ ወንበር አንድ ነበረህ፣ ሸክላ ግን ሃያ። ሁሉም በፈረንጆቹ የሃምሳዎቹ ጃዝ። ሙዚቀኞቹን እንደ ሰፈር ሰው ቅጽል ስም አውጥተህላቸው ነበር። ፒያኖ እየመታ የሚያጉረመርመው «ጋሽ አጉረምራሚ»፣ ባሱን የሚጎትተው «አናጢው»፣ ሳክስፎን የሚነፋው «ባለ ትንፋሹ»። «ያኔ እኮ አምስቱም ተጫዋቾች አንድ ክፍል ቆመው፣ አንድ ላይ ነው የሚቀዱት» ትለኝ ነበር። «አንዱ ሲስት ሌላው ስህተቱን ተቀብሎ ያሳምርለታል እንጂ ተቆርጦ አይጣልም።» ታዲያ እኔን ለምን አታሳምረኝም ስልህ፣ «ያንተ ስህተት ካምስት ሰው አቅም በላይ ነው» አልከኝ።

ከሁሉም የምትወደው፣ ሽፋኗ ላይ ሲጋራ የያዘ ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚታይባትን ነበር። «የሲጋራዋ» ነው የምንላት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ባለ ትንፋሹ ሊጀምር ሲል አየር ሲስብ ይሰማል። ከዜማው ይልቅ ያቺን ትንፋሽ ነበር የምትጠብቀው። ልትደርስ ስትል እጅህን ከፍ አድርገህ ዝም ታሰኘኛለህ። «ይሄ ሰው ከሞተ ስንት ዓመቱ፤ ትንፋሹን ስማ።»

እኔ ደግሞ ሸክላዎቹን ከሽፋን ሽፋን ማዘዋወር ሱሴ ነበር። ለስለስ ያለ ነገር ስትጠብቅ የሃያ ሰው ኦርኬስትራ ሲጮህብህ፣ ዞር እንኳ ሳትል «ና ውጣ፣ አንተ ሰይጣን» ትለኛለህ። እኔ መጋረጃው ጀርባ አፌን ይዤ እሞታለሁ።

ሳንባህ ደክሞ ከሆስፒታል ወደ ቤት ከተመለስክ በኋላ፣ አንድ ጠዋት የሲጋራዋን አጫውትልኝ አልከኝ። ሽፋኗን ስከፍተው ውስጡ ያለው የኦርኬስትራው ሸክላ ነው። ያኔ ትዝ አለኝ። ለፋሲካ ሁለቱን ቀያይሬያቸው ነበር፤ አንተ ደግሞ በዚያው ፋሲካ የኦርኬስትራውን ሽፋን፣ ውስጡን ሳታይ፣ ከጄኔቭ ለመጣው ጓደኛህ ለጋሽ ተፈራ ሰጠኸው። ጋሽ ተፈራ ማጫወቻ የለው፤ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል ሰቀለው። ይህን ሁሉ ነገርኩህ። አልተቆጣህም። «ሂድና አምጣት፤ እስክትመጣ የትም አልሄድም» አልከኝ። ቀልድ መስሎኝ፣ «የት ልትሄድ፣ ደረጃው እንኳ አቅቶህ» አልኩህ። የመጨረሻ ያልኩህ ነገር ይህ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ሶፊያ አጠገብህ ቀረች፣ እኔ ባቡር ያዝኩ።

ጋሽ ተፈራ ሽፋኑን ከግድግዳው አወረደው። የሲጋራዋ ውስጡ ነበረች፣ አንድ ጭረት ሳይነካት። ደስ ብሎኝ ምሳ እየበላሁ ሳለ የጋሽ ተፈራ ስልክ ጠራ፤ ኮሪደር ወጥቶ አነጋገረ። ሲመለስ «ዛሬ እዚህ እደርና ነገ በጠዋት አብረን እንሂድ፤ እኔም ልየው» አለኝ። «ስልክህን ቻርጅ ላድርግልህ» ብሎ ስልኬን ወሰደብኝ። ሚስቱ ሽንኩርት የሌለበት እንቁላል እየጠበሰች ዓይኗን ስትጠርግ፣ «ሽንኩርቱ ነው» አለች። እኔ፣ ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀኝ አታላይ፣ አንዱም አልገባኝም። ጠግቤ ተኛሁ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን መንገድ ላይ ላለ ሰውም አይነገርም፤ ቤቱ አድርሰው፣ ሰው ከቦት፣ ሽማግሌ ቀርቦ ነው። ይህን አውቃለሁ። አንተ ራስህ ለስንቱ አድርገኸዋል። ለእኔ ይደረጋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ባቡሩ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀለድኩ። «ስልክህን ቤት ረሳሁት» ሲለኝ፣ «ጋሼ፣ አንተም አረጀህ በቃ» አልኩት። አንተ ስታንኮራፋ አስመሰልኩለት። ይስቃል፣ እየሳቀ መስኮቱን ያያል። ያን ሁሉ ሰዓት አንተ አልነበርክም።

ሎዛንን ስናልፍ የምሠራብህን ቀልድ አሰብኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ ፊቴን አጥቁሬ እገባና «አባዬ፣ አላገኘኋትም» እልሃለሁ፤ ክፍት ሲልህ ከጃኬቴ ሥር አወጣታለሁ። የመስኮቱ መስታወት ላይ እያየሁ ፊቱን ተለማመድኩት። «ጋሼ፣ ያዘነ ሰው እመስላለሁ?» አልኩት። «ትመስላለህ፣ ልጄ» አለኝና ተነስቶ መጸዳጃ ቤት ገባ። ብዙ ቆየ።

የቤታችን በር ገርበብ ብሎ ነበር። ያን የተለማመድኩትን ፊት ይዤ ገባሁ። ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። ፊቴን ሲያዩ ጋሽ ተፈራ መንገድ ላይ የነገረኝ መሰላቸው። ሊያረዳኝ የተነሳው ሽማግሌ ተመልሶ ተቀመጠ። እትዬ ሶፊያ «ወይኔ ልጄን» ብላ ጮኸች፣ ሁሉም ተከተሏት። እኔ «አላገኘኋትም» ልል የከፈትኩት አፍ እንደተከፈተ ቀረ። በሰዎቹ መካከል አልጋህን አየሁት። ተነጥፎ ነበር።

እና አባዬ፣ መሞትህን ማንም አልነገረኝም። እስከ ዛሬ። ሁሉም «መንገድ ላይ ሰምቶ እንኳ ችሎ ገባ፤ ጠንካራ ልጅ ነው» ይላሉ። ጠንካራ አይደለሁም። ሊቀልድ የገባ ልጅ ነበርኩ። እንዲያውቁት የፈለግኩት ይህን ነው።

እትዬ ሶፊያ እንደነገረችኝ፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ሲያጥርህ እጅህን ከፍ አደረግህ። ውሃ የፈለግክ መስሏት አመጣችልህ። እኔ ግን ያቺን እጅ አውቃታለሁ።

ለቅሶ ቤት ነው ብለው ማጫወቻውን በነጠላ ሸፈኑት። አርባህም አለፈ፣ ነጠላውን አላነሳሁትም። ያ ሰው አየር ሲስብ መስማት አልችልም። እሱ እኮ ከሞተ በኋላም ይተነፍሳል። ያንተን የቀዳልኝ የለም።

ሌሎቹን ሸክላዎች ወደየሽፋናቸው መልሻለሁ፤ ከእንግዲህ አልቀያይራቸውም። ያቺን ብቻ ከኦ ቪቭ እንደመጣች፣ በሰው ሽፋን ውስጥ ተውኳት። ስምህን ከማጠቢያው ወረቀት ቢያነሱትም ሐሙስን አልረሳም። እጅህን አልረሳም። ስለ ደረጃው ያልኩህንም፣ ልርሳው ብል እንኳ፣ አልረሳም።

በሩ ላይ ልነግርህ የነበረው ውሸት ነበር። አግኝቻት ነበር፣ አባዬ። ጃኬቴ ሥር ነበረች።