መቶ ሰማንያ የጥሪ ካርድ

ጥር 9፣ ሰኞ

ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት ደመነና ግማሹ ሳይደርቅ ገባ። ባሌ የኩሽናውን ቧንቧ ፈታትቶ ገጠመው፤ አሁን ከበፊቱ ብሶ ይንጠባጠባል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው…

ልጄ ምሳ ላይ መጣ። የሰርጉን ጥሪ ካርድ ማተሚያ ቤት አንሰጥም አለ። እጮኛው በእጇ ትሠራዋለች። ሥራዋ ነው፤ ካርድ እየሠራች ለአበባ ሱቆች ታስረክባለች። ግን መቶ ሰማንያ ካርድ!

«ብቻዋን አትደርስም። እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደሽ ብታግዢያትስ?»

«እኔ ስለ ካርድ ምን አውቅና?»

«ታስተምርሻለች።»

በምን አፏ? ልል ነበር። ዋጥኩት። ልጅቷ አትሰማም፤ አትናገርም። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ላይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ፤ ዛሬም ገበያ ውስጥ ስናገር ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ከእሷ ጋር ቅዳሜን ሙሉ ተቀምጬ ምን ልሆን ነው?

እሺ አልኩት ግን። ልጄ ነዋ።

ጥር 14፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከሥር ጫማ ሰፊ አለ። ደወሏን ብጫነው ድምፅ የለም። ተበላሽቷል ብዬ ደጋግሜ ተጫንኩት። ለካ ውስጥ አምፖል ነው የሚበራው… ስትከፍትልኝ ዐይኗን እያሻሸች ትስቃለች። መብረቅ አወረድኩባት መሰለኝ።

አንድ ክፍል ናት። ረጅም ጠረጴዛ፣ በየቀለሙ የተደረደረ ወረቀት፣ ጣሳ ውስጥ የቆሙ መቀሶች። ንጽሕናዋ ያስቀናል። አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለ እርሳስ አለ። የምትለኝን ደብተር ላይ ትጽፈዋለች።

የመጀመሪያው ትምህርት ማጠፍ። ማጠፍ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? አልኩ በሆዴ። አጠፍኩ። ወፍራሙ ወረቀት መታጠፊያው ላይ ተሰነጣጠቀ፣ ደግሞም ጠመመ። ልጅቷ ሌላ ወረቀት አነሳች። በማስመሪያ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መሃሉን ጫን አድርጋ መስመር ሳበችበት። ከዚያ አጠፈችና በማንኪያ ጀርባ ዳመጠችው። እንደ ምላጭ የቀጠነ!

ደብተሩ ላይ፦ «ወረቀት ቀድሞ ካልተነገረው አይታዘዝም።»

ሠላሳ አጠፍኩ። የተቀበለችኝ አሥራ ሁለቱን ነው። ሌላውን ወዲያ ገለል። አይዞዎት እንኳ የለም። ከዚያ ጻፈች፦ «ሲበዛ ይጫናሉ።»

ወረቀቱን ማለቷ ነው… አይደል?

ጥር 21፣ ቅዳሜ

ታናሽ እህቴ ልይ ብላ አብራኝ መጣች። ዛሬ የተማርኩት ካርዱ ሲከፈት ከውስጥ ብድግ የሚለውን አሠራር ነው። አስማት ይመስለኝ ነበር፤ ቀላል ነው። የታጠፈውን ወረቀት መታጠፊያው ላይ ሁለት ቦታ እኩል ትቆርጪዋለሽ፤ ከፍተሽ የተቆረጠውን ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ፤ ትንሽ ደረጃ ይሆናል። ደረጃው ፊት ላይ አበባውን ትለጥፊለታለሽ። ካርዱ ሲከፈት አበባው ይቆማል። የመጀመሪያው ሲቆምልኝ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

እህቴ፦ «እትዬ፣ እጇ እኮ ወርቅ ነው!»

«ነው። ግን እጅ ብቻውን ምን ያደርጋል? ነገ ስትወልድ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ማን ይሰማላታል? ልጄ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጆሮ ሆኖ ሊኖር ነው።»

«ኧረ ቀስ በይ!»

«ምን ቀስ እላለሁ? እንኳንም አትሰማ።»

ሳቅን። ሁለታችንም።

ልጅቷ ከጠረጴዛው ማዶ ቀና ብላ ታየኝ ነበር። ካርዴን የምታይ መስሎኝ ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

በጊዜ ሸኘችን። ራሷን ሳያማት አልቀረም።

ጥር 23፣ ሰኞ

ልጄ መጣ። ቁጭ በል ብለው አልተቀመጠም።

«ቅዳሜ ምን ተባባላችሁ?»

«ምን እንባባላለን? ካርድ ሠራን።»

«ትናንት ‹ዕድሜህን ሙሉ ጆሮ ሆነህ መኖር ከከበደህ ዛሬውኑ ንገረኝ› አለችኝ። ይሄን ከየት አመጣችው?»

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ከንፈር ታነባለች። ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«መቼ ነገርከኝ?»

«ስነግርሽ እያወራሽ ነበር።»

በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ቢያላትመው በተሻለኝ።

ጥር 24

እንኳንም አትሰማ… በገዛ አፌ። ከነሳቁ።

ጥር 26፣ ሐሙስ

ባሌ ነገሩን ከሰማ ወዲህ ዝም ብሏል። ድሮም ዝምተኛ ነው፤ የአሁኑ ግን ሌላ ዝምታ ነው። ዛሬ ቁርስ ላይ ብቻ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» አለ።

«እሱንማ አውቃለሁ። ምን ላድርግ ነው የምልህ። ልቅር?»

«መቅረትማ ሌላ ስድብ ነው።»

ልጄ ስልክ አያነሳም። ሰርጉ ቢፈርስስ? በእኔ ምላስ? ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ አውቶቡስ በስህተት ጠርቼ አላውቅም…

ጥር 28፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ደወሉን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩ።

ከፈተች። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ጠረጴዛው እንዳለፈው ቅዳሜ ነው። ያጠፍኳቸው ካርዶች ካሉበት አልተነኩም። ሳምንቱን ሙሉ አልሠራችም ማለት ነው።

ፊት ለፊቷ ቆምኩ። አፌን በሰፊው እየከፈትኩ፣ ቃል በቃል፣ «ይ-ቅር-ታ» ስል እጇን አንስታ አስቆመችኝና ጻፈች፦ «ሲጮኹ ከንፈርዎ ይበላሻል። እንደ ልማድዎ ይናገሩ።»

እንደ ልማዴ ተናገርኩ። ጥፋተኛ ነኝ አልኳት። ፈርቼ ነው አልኳት። ከልጄ ሚስት ጋር ሳላወራ ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ፍርሃቴን ግን ነውር አድርጌ ባንቺ ላይ ደፋሁት። እንባዬ መጣ። አላባበለችኝም። ብዙ ጻፈች። ደብተሩን ሰጠችኝ።

«ስለ ሕፃኑ ያሉት አዲስ ነገር አይደለም። የገዛ እናቴም ብላዋለች። እሷ ግን አልሳቀችም። ሕፃን ሲያለቅስ መብራት የሚያበራ ዕቃ አለ። ሰው ፊቴ ቆሞ ሲስቅብኝ የሚያበራ ዕቃ የለም፤ ለሱ ዐይኔ ብቻ ነው ያለኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሰርጉስ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ገና እያሰብኩ ነው።»

ከዚያ ማስመሪያውን ገፋ አደረገችልኝ። እስከ ማታ አጠፍን። ሃያ ስምንቱን ተቀበለችኝ። ሲመሽ አልሸኘችኝም፤ ልሂድ ስል ግን ኮቴን አቀበለችኝ። ይቅር ብላኛለች? አላውቅም። ለመጠየቅም መብት የለኝም።

የካቲት 5፣ ቅዳሜ

ስገባ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ነገር አለ። የሰርጉ ቀን! ከካርቶን በምላጭ ተቦርቡሮ የወጣ ቁጥር። ከወረቀቱ ሥር አስገባችው፤ ከላይ በማንኪያ ጭራ ስታሸው ቁጥሩ ያለ ቀለም አበጠ። በጣቴ ዳሰስኩት። ዞር ብዬ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ።

ቀጥሎ ስፌት። ወረቀት ላይ! ስፖንጅ ላይ ያነጥፉታል፤ መጀመሪያ በመርፌ ቀዳዳውን ብቻ ይበሳሉ፤ ከዚያ ክሩን ያስገባሉ። ሳይበሱ ከሰፉ ወረቀቱ ይቀደዳል። እዚህ ላይ እኔም ሰው ነኝ። የልጄን ካልሲ ስጠቅም ነው ያረጀሁት። አሥሩንም ተቀበለችኝ! አውራ ጣቷን ቀሰረችልኝ።

የእጅ ቃላትም ቀስ በቀስ እየያዝኩ ነው። ወረቀት። ሙጫ። እንደገና። ስህተት። «ስህተት»ን ከሁሉ በፊት ነው የቻልኩት… ቶሎ ቶሎ ስለሚደርሰኝ።

የካቲት 12፣ ቅዳሜ

ጉድ ሠራሁ። አበባ ለጥፊ ተብዬ አርባ ካርድ በእልህ ለጠፍኩ። ቀና ሳልል። ስትከፍታቸው አርባውም አበባ በአናቱ ተተክሏል፤ ግንዱ ወደ ሰማይ! አሁንስ አባረረችኝ አልኩ።

ሳቀች። በድምፅ። ሆዷን ይዛ።

ሳቋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወፍራም ነው፤ መሃል ላይ ይሰበርና እንደገና ይነሳል። ለራሱ ብቻ የሚሳቅ ሳቅ ነው፤ ማን ሰማኝ የማይል። በሕይወቴ ስንት ድምፅ ሰምቻለሁ… እንዲህ ያለ አልሰማሁም። ልጄ የወደዳት በዚህ ይሆን?

አበቦቹን በምላጭ ስንልጥ ዋልን። ሠላሳ ሰባቱ ተረፉ።

የካቲት 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ወረቀት መጠምጠም። እንደ ክር ቀጥኖ የተቆረጠ ወረቀት ስቴኪኒ ላይ ይጠመጠማል፤ ላላ ሲደረግ ይተነፍሳል፤ ጫፉን ቆንጠጥ ካደረጉት ቅጠል ይሆናል። ዐይኔ ጠፋ። መነጽር ደረብኩ።

እረፍት ላይ ጻፈች፦ «ልጅዎ ድምፅዎ ታዋቂ ነው ይላል። ምን ይመስላል?»

ምን ብዬ ልመልስ? ድምፅን ለማትሰማ ሰው… ዝም አልኩ፤ እኔ! እሷ ግን ተነስታ ከመደርደሪያው አምስት ስድስት ዓይነት ወረቀት አምጥታ ፊቴ ዘረጋች። ይምረጡ ማለቷ ነው። አንጸባራቂውን ነካሁት፤ አይደለም፣ ይህ የዜና አንባቢ ነው። ስሱን ነካሁት፤ እሱማ እህቴ ናት። መጨረሻ ላይ ያንን ቡናማ፣ ሻካራ፣ የሲሚንቶ ከረጢት የሚመስለውን አነሳሁ። ዝናብ ቢመታው የማይቀደድ።

ወሰደችው። ዐይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ ዳሰሰችው። ከዚያ ጻፈች፦ «ልጅዎ ሐር የመሰለውን መርጦልዎት ነበር። አላመንኩትም።»

ተሳሳቅን። እኔም በድምፄ፣ እሷም በዚያ በተሰባበረው ሳቋ።

የካቲት 26፣ ቅዳሜ

መቶ አርባ ሁለት ደርሰናል። እህቴ ደግሞ መጣች። ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን አልሰማችም መሰል፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ አፏን በእጇ ከልላ «እሺ፣ ተስማማችሁ?» ትለኛለች። እጇን ያዝኩና ከአፏ ላይ አወረድኩት።

«አፍሽን አትሸፍኚ። የምትይው ካለ ፊት ለፊት በይው።»

«እንዴ እትዬ! ምን አልኩ?»

«አንቺ ምንም አላልሽም። እኔ ነኝ ያልኩት። አንቺ ሳቅሽ፣ እኔ ተናገርኩ።»

ቀላች። ወዲያው ወደ ልጅቷ ዞራ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመችና ይቅርታ አለቻት። ልጅቷም መቀስ አስያዘቻት። ይቅርታዎን በሥራ ያሳዩ ማለቷ መሰለኝ። ባልቴቷ እህቴ እስከ ማታ ቀጭን ወረቀት ስትቆርጥ ዋለች፤ ወገቤ እያለች።

መጋቢት 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሥራው መጨረሻ ስለሆነ ዕቃዋን ይዛ እኛ ቤት መጣች። የቀረን ሪባኑን ማሰርና ፖስታ ውስጥ መክተት ነው። ሳሎኑን አስለቀቅን። ባሌ ወደ ኩሽና፣ ወደዚያው ቧንቧው።

ሪባኑ ላይ ተጣላን። እሷ ግራጫ ትላለች። ግራጫ! ለሰርግ! በእጄ «ስህተት» አልኳት። የተሳሳቱትስ እርስዎ ነዎት አለችኝ፣ በእጇ። ቀዩን አነሳሁ፤ ነጠቀችኝ። አበባው ቀይ ነው፣ ሪባኑ ቀይ ከሆነ ማን አበባውን ያያል? አለችኝ። ይህን ሁሉ ያለ ደብተር ነው የገባኝ። እኔም መለስኩላት፤ ግማሹን በትክክል፣ ግማሹን በጭንቅላቴ፣ በትከሻዬ። ጠረጴዛ መታሁ። እሷም መታች። አንዴ «ግራጫ ልብስ የለበሰ እንግዳ አልቀበልም» ልል ፈልጌ ምን እንዳልኩ እንጃ፣ ሳቋ ሊያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። ግን አልተሸነፈችም። እኔም አልተሸነፍኩም። አንድ ሰዓት ሙሉ!

ባሌ እጁን እየጠረገ በበሩ ብቅ አለ። እኔን አየ፤ እሷን አየ።

«ምነው ቤቱ እንዲህ ጸጥ አለ? ተኮራረፋችሁ እንዴ?» አለ በስጋት።

«ሂድ ወደ ቧንቧህ» አልኩት ሳልዞር። «እየተጨቃጨቅን ነው።»